መድኃኒት አልገታ ካለው የሚጥል በሽታ ጀርባ ያሉ የአንጎል ዕጢዎች፦ ቲሹውን ከመቁረጥ እስከ ሪፖርት መጻፍ

በአግባቡ የተመረጡና በበቂ መጠን የተወሰዱ 2 መድኃኒቶች የሚጥለውን ካላቆሙት፣ በሽታው መድኃኒት የማይገታው ይባላል። የሚጥል በሽታን የሚታገለው ዓለም አቀፍ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ትርጉም ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ቀዶ ሕክምና ይረዳው ይሆን ወይ የሚል ይሆናል፤ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ደግሞ የወጣው ቲሹ ምንድን ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ከ12 የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰበ ጥናት፣ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ9,500 በላይ ሰዎች ቲሹ መርምሮ በ36 በመቶ ገደማ የሂፖካምፐስ (የማስታወስ ሥራ ያለው የአንጎል ክፍል) ጠባሳ፣ በ24 በመቶ ገደማ ዕጢ፣ በ20 በመቶ ገደማ ደግሞ የኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ንብርብር) አፈጣጠር ችግር አግኝቷል። ከዕጢዎቹ ቀዳሚው ጋንግሊዮግሊዮማ ነው።

እነዚህ ዕጢዎች በጥቅሉ ሊት (ለረጅም ጊዜ ከቆየ የሚጥል በሽታ ጋር የተያያዙ ዕጢዎች) ይባላሉ። አብዛኞቹ በዓለም ጤና ድርጅት የእ.ኤ.አ. 2021 ምደባ ደረጃ 1 ናቸው፤ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ኮርቴክስ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ቴምፖራል ሎብን ይወዳሉ፣ ሙሉ በሙሉ ከወጡ ብዙውን ጊዜ ታካሚው ይገላገላል። ትልቁ አደጋ ያለው ስም አወጣጡ ላይ ነው። ዲኔት (ዲስኤምብሪዮፕላስቲክ ኒውሮኤፒቴሊያል ቱመር) የተባለውን ሊት ኦሊጎደንድሮግሊዮማ (ተሰራጭቶ የሚገባ የአንጎል ካንሰር) ብሎ የፈረመ ሰው፣ አንድን የ14 ዓመት ልጅ ለማያስፈልገው የጨረርና የኬሞ ሕክምና ይዳርገዋል። ይህ ስህተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ማይክሮስኮፑ ላይ ሳይሆን ቲሹው በተቆረጠበት ሰሌዳ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ የቲሹ መርማሪው ሐኪም (የፓቶሎጂስቱ) መመሪያ ከቢላዋው ይጀምራል።

ቢላዋ ከማንሳትዎ በፊት

የምርመራ መጠየቂያ ቅጹ ላይ «የአንጎል ዕጢ» ከሚል ቃል በቀር ምንም ካልተጻፈ ስልክ ይደውሉ። የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፦ የመጀመሪያው መውደቅ በስንት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ፤ ዕጢው የት ሎብ ላይ ነው፣ ኮርቴክስ ውስጥ ነው ወይስ ከሥሩ ባለው ነጭ ክፍል፤ ኤምአርአዩ ወይም ሲቲው ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ካልሲየም፣ በንጥረ ቀለም የሚደምቅ ጉብታ ወይም ከላዩ የተቦረቦረ የራስ ቅል አጥንት ያሳያል ወይ?

የተቦረቦረ አጥንት ዕጢው ለዓመታት እዚያው እንደተቀመጠ ይናገራል። በልጅነቱ የጀመረው፣ አሥር ዓመት የቆየበት፣ ኮርቴክስ ላይ ትንሽ ዕጢ ያለበት ሰው ከሆነ ሊት ሊሆን የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። በ60 ዓመቱ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱ ላይ «ጋንግሊዮግሊዮማ» ከመጻፍዎ በፊት ሦስቴ ያስቡ።

ደረጃ 1፦ ቲሹውን መቀበልና መቁረጥ

ከቀዶ ሕክምና ክፍል ትኩስ ቲሹ ሲመጣ በሳላይን በረጠበ ጋዝ ተጠቅልሎ ይምጣ። ሳላይን ውስጥ ተንሳፎ የመጣ አንጎል ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ በኋላ በሕዋሶቹ መካከል የሚያዩት ክፍተት ዕጢው የፈጠረው ይሁን ውሃው አይለይም።

ቀጥሎ ፒያውን ይፈልጉ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ደም ሥር የተዘረጋበት ስስ ሽፋን ነው። በተቃራኒው ያለውን፣ ቀዶ ሐኪሙ የቆረጠውን ገጽ በቀለም ይቀቡ፤ ፎቶም ያንሱ። ከዚያ ከፒያው ተነስተው ወደ ነጩ ክፍል ቀጥ ብለው፣ ዳቦ እንደሚቆረጠው ከላይ ወደ ታች፣ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቁረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ ፒያን፣ ኮርቴክስንና ነጩን ክፍል አንድ ላይ ማሳየት አለበት። በአግድም የተቆረጠ ኮርቴክስ ንብርብሮቹ አይታዩም፣ የነርቭ ሕዋሶቹ ወዴት እንደሚያቀኑ አይታወቅም፣ የዲኔት ዓምዶችም ይጠፋሉ። ይህን ጥፋት ከዚያ በኋላ የትኛውም አንቲቦዲ አይክሰውም። ሂፖካምፐስ አብሮ ከወጣ ርዝመቱን በሚያቋርጥ መስመር ይቆረጣል፤ ከዕጢው ጎን ጠባሳ ሊኖርበት ይችላልና።

ዕጢ ከሚመስለው ክፍል የአተር ፍሬ የምታህል ቁራጭ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ፤ ማቀዝቀዣው ካለ። የቀረው ሁሉ ገለልተኛ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ይግባ፤ ፈሳሹ ከቲሹው ቢያንስ 10 እጥፍ፣ ቢቻል 20 እጥፍ፣ ጊዜው ከ24 እስከ 48 ሰዓት። ባፈር ያልገባበት ፎርማሊን እየቆየ አሲድ ይሆናል፤ ስላይዱ ላይ ቡናማ ጥቁር ብናኝ ይተዋል፣ ዲኤንኤውንም ይበጣጥሳል። ዕጢው ካልሲየም ስላለው ቢላዋ እምቢ ካለ በጠንካራ አሲድ አያለስልሱት፤ ካልሲየምን ቀስ ብሎ የሚያወጣው ኢዲቲኤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ የጂን ምርመራው ይተርፋል።

ቀዶ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ መምጠጫ ከሠራ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አይጣሉ፤ አጣርተው ብሎክ (በፓራፊን ሰም የተቀበረ ቲሹ) ያድርጉት። በቁራጮቹ ውስጥ ያልታየው ሁለት ኒውክለስ ያለው የነርቭ ሕዋስ እዚያ ዝቃጭ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በአጠቃላይ ቲሹው ትንሽ ከሆነ ሁሉም ብሎክ ይሁን። ሊት ከቦታ ቦታ መልኩን ይለዋውጣል፤ ከአምስት ቁራጭ አንዱን ብቻ ማየት ከመጽሐፍ አንድ ገጽ ቀዶ እንደማንበብ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሳያልቅ ፈጣን መልስ ከተጠየቁ ቲሹውን በሙሉ አያቀዝቅዙ። በጣም ትንሽ ጠብታ በሁለት ስላይድ መካከል ጨፍልቆ መቀባት ይሻላል። የበረዶ ቅንጣት ቲሹውን ይበሳሳዋል፣ የዲኔትን ዝልግልግ ክፍል ያበላሻል፣ ኒውክለሶችን ያጣምማል፤ ያ የተጣመመ ኒውክለስ በኋላ ከፍተኛ ደረጃ ዕጢ ሊመስል ይችላል።

ደረጃ 2፦ በዝቅተኛ ማጉያ መቆየት

በ4 ማይክሮን ተቆርጦ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን የተቀለመውን ስላይድ በባለ 4 ኦብጀክቲቭ ይጀምሩ፤ ወደ 40 ለመውጣት አይቸኩሉ። ሦስት ነገር ይለዩ፦ ዕጢው ኮርቴክስ ውስጥ ነው፣ ነጩ ክፍል ውስጥ ወይስ ከፒያው በላይም ፈሷል? ጉብታ ጉብታ ነው፣ ከረጢት ያለው ወይስ ተሰራጭቶ የገባ? ጠርዙስ ይታያል? ከእነዚህ መልሶች ብቻ ግማሹ መንገድ ያልቃል።

ደረጃ 3፦ ጋንግሊዮግሊዮማ

ይህ ዕጢ ሁለት ዓይነት ሕዋስ አለው፤ ቅርጻቸው የተዛባ የነርቭ ሕዋሶችና ዕጢ የሆኑ የግሊያ (የነርቭ ሕዋሶችን የሚደግፉ) ሕዋሶች። ደረጃ የሚሰጠውም ሆነ የሚያድገው በዋነኛነት በግሊያው ክፍል ነው፤ ስሙን የሚያገኘው ግን በነርቭ ሕዋሶቹ ነው፤ ክርክሩም ሁሌ እነሱ ላይ ነው።

ጤነኛ ኮርቴክስ ውስጥ ፒራሚድ መሰል ሕዋሶች ጫፋቸውን ሁሉ ወደ ፒያው ያቀናሉ፤ ቅዳሴ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እንደቆመ ምእመን። ጋንግሊዮግሊዮማ ውስጥ ያሉት ግን ገበያ መሐል እንዳለ ሰው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዞሯል። የሚፈልጓቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ያለ ቦታቸው ተጠጋግተው መከማቸት፣ አቅጣጫ ማጣት፣ መጠናቸው መለያየት፣ የኒስል ቅንጣቶቻቸው ወደ ዳር መገፋት፣ ከፒያው ሥር ወይም ነጩ ክፍል ውስጥ መገኘት፣ ሁለት ኒውክለስ መያዝ። የመጨረሻው በጣም አሳማኙ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይገኝም። ባለመገኘቱ ምርመራውን አይሰርዙ፤ ብሎኩን ጠለቅ አድርገው እንደገና ያስቆርጡ እንጂ።

በዙሪያው የሚያግዙ ምስክሮች አሉ። ኢዮሲኖፊሊክ ግራኑላር ቦዲ የሚባሉት ደማቅ ሮዝ ጠጠር መሰል ክቦች ዕጢው ለዘገምተኛ ዕድገቱ የሚሰጠው ፊርማ ናቸው። በደም ሥሮች ዙሪያ የተሰበሰቡ ሊምፎሳይቶችም የተለመዱ ናቸው፤ ቁራጩ ትንሽ ከሆነና ሊምፎሳይቱ ከበዛ ግን «የአንጎል ብግነት» ተብሎ የሚፈረምበት ጊዜ አለ። ካልሲየምና ጠንካራ የኮላጅን ክርም ሊኖር ይችላል።

ትልቁ ወጥመድ የተከበበ የነርቭ ሕዋስ ነው። ተሰራጭቶ የሚገባ ግሊዮማ ኮርቴክስ ሲገባ ጤነኛዎቹን የነርቭ ሕዋሶች ከብቦ ይተዋቸዋል፤ ያየ ሁሉ «ሁለት ዓይነት ሕዋስ አለ» ይላል። መለያው አሁንም አቅጣጫቸው ነው፤ የተከበቡት ወደ ፒያው ማቅናታቸውን አይተዉም፣ መጠናቸውም ተመሳሳይ ነው። ቁራጩ በአግድም ከተቆረጠ ይህ መለያ የለም፤ ለዚህ ነው ደረጃ 1 ላይ የጨቀጨቅነው።

የሕዋስ ክፍፍል ብርቅ ነው። ብዙ ክፍፍል፣ የሞተ ቲሹ ወይም የደም ሥር ግድግዳ መብዛት ካዩ ወዲያው «አናፕላስቲክ ጋንግሊዮግሊዮማ» አይጻፉ። መጀመሪያ ፕሊዮሞርፊክ ዛንቶአስትሮሳይቶማን፣ አይዲኤች የተባለው ጂን የተለወጠበትን ግሊዮማ (ከግሊያ የሚነሣ ዕጢ)፣ መሐል መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ኤች3 ኬ27 (የሂስቶን ፕሮቲን አንድ ነጥብ) የተለወጠበትን ዕጢ ከግምት ውጪ ያድርጉ። ከእነዚህ በኋላ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው።

ደረጃ 4፦ ዲኔት

ካትሪን ዶማ-ዱፖር የተባሉት ፈረንሳዊት ፓቶሎጂስትና ባልደረቦቻቸው ዲኔትን እ.ኤ.አ. በ1988 ለይተው ሲያወጡት፣ ከዚያ በፊት ብዙው እንደ ኦሊጎደንድሮግሊዮማ ወይም አስትሮሳይቶማ ይነበብ ነበር። ዛሬም ያው ስህተት ይደገማል፤ ክብ ኒውክለስና በዙሪያው ነጭ ቀለበት ያላቸው ሕዋሶች ዓይን ስለሚያታልሉ። ያ ቀለበት ቲሹው ፎርማሊን ውስጥ ሲቆይ የሚፈጠር ነው። በጭፍልቅ ስላይድና በቀዘቀዘ ቁራጭ ላይ ስለማይታይ፣ አለመኖሩም ሆነ መኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ዲኔትን ዲኔት የሚያሰኘው አወቃቀሩ ነው። የነርቭ ክሮች ጥቅል ጥቅል ሆነው ከፒያው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ትንንሾቹ ክብ ሕዋሶች በክሮቹ ላይ እንደ ዶቃ ይደረደራሉ፤ በዓምዶቹ መካከል እንደ ራሰ ተልባ የሚዝለገለግ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ጤነኛ መልክ ያለው የነርቭ ሕዋስ ለብቻው ይንሳፈፋል። ይህ ስፔሲፊክ ግሊዮኒውሮናል ኤለመንት ይባላል። ዕጢው ይህን ብቻ ከያዘ ቀላሉ ዓይነት ነው፤ የግሊያ ጉብታ ከተጨመረበት ውስብስቡ። ኤለመንቱ ከሌለ በስሙ አለመጠቀም ይሻላል። «ኤለመንት የለሽ ዲኔት» የሚባለው ምድብ አከራካሪ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሚያብራራው የሚያደናግረው ይበልጣል።

ተንሳፋፊውን የነርቭ ሕዋስ ከመሰነጣጠቅ ለመለየት አልሺያን ብሉ ይቀቡ። ፈሳሹ ሰማያዊ ከሆነ እውነተኛ ነው። ቲሹው ሲሠራ በመኮማተሩ የተፈጠረ ባዶ ክፍተት ግን ቀለም አይዝም፤ ሕዋሱንም በቅርጹ ልክ ይከበዋል። ሌላ ልብ የሚባል ነገር፦ በዲኔት ውስጥ ያለው የነርቭ ሕዋስ የተዛባ አይደለም። የተዛባ ካዩ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ።

ደረጃ 5፦ ያልተለመዱት

ፕሌንቲ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2017 የተገለጸ ነው፤ ኦሊጎደንድሮግሊዮማ ይመስላል፣ ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ ሲዲ 34 በተባለው አንቲቦዲ ዳር እስከ ዳር ይቀለማል። የሚይዘው ወይ ቢራፍ ቪ600ኢ የተባለውን የጂን ለውጥ ወይ የኤፍጂኤፍአር 2 ወይም 3 ጂን ውህደት ነው።

አንጂዮሴንትሪክ ግሊዮማ ቀጫጭን ባለ ሁለት ጫፍ ሕዋሶቹን በደም ሥሮች ዙሪያ ይጠመጥማል፤ በኢኤምኤ ቀለም ሕዋሱ ውስጥ ነጥብ ይታያል፤ ጂኑ በአብዛኛው የሚብና የኪውኬአይ ውህደት ነው። የነርቭ ሕዋሶቹ በውስጣቸው ባዶ ከረጢት የቋጠሩና ከኮርቴክሱ ሥር በጉብታ የተደረደሩ ከሆነ፣ መልቲኖዱላር ቫኩኦሌቲንግ ኒውሮናል ዕጢን ያስቡ፤ ከነርቭ ሕዋስ ምልክቶች ኤችዩሲ/ዲ ይቀለማል፣ ኒውኤን ግን ደካማ ነው ወይም ባዶ።

ፕሊዮሞርፊክ ዛንቶአስትሮሳይቶማ የዚህ ቤተሰብ አስቸጋሪው ጎረቤት ነው። ደረጃው 2 ወይም 3 ነው፤ ግዙፍና ስብ የቋጠሩ ሕዋሶች፣ በሕዋሶቹ መካከል የተዘረጋ የሬቲኩሊን መረብ፣ ኢዮሲኖፊሊክ ግራኑላር ቦዲም አለው። ከጋንግሊዮግሊዮማ ጋር ቢራፍ ቪ600ኢን ይጋራል፤ ሲዲኬኤን2ኤ የተባለው ጂን ሁለቱም ቅጂ መጥፋቱ ግን ወደ እሱ ያጋድላል።

ደረጃ 6፦ ኢሚውኖ፣ በቅደም ተከተል

ኢሚውኖ የቲሹውን ፕሮቲኖች በአንቲቦዲ መቀለም ነው። ሙሉው ዝርዝር ሲዲ 34፣ ጂፋፕ፣ ኦሊግ 2፣ ማፕ 2፣ ኒውኤን፣ አይዲኤች 1 አር132ኤች፣ ቪኢ1 የተባለው የቢራፍ አንቲቦዲ እና የሚከፋፈሉ ሕዋሶችን የሚያሳየው ኪ-67 ነው። አቅም ሦስት ብቻ ከፈቀደ ሲዲ 34፣ አይዲኤች 1 እና ቪኢ1 ይሁኑ። ጂፋፕ ይቅር፤ የሚጥል በሽታ ለዓመታት ባንገላታው ኮርቴክስ ውስጥ ጤነኛው አስትሮሳይት ሁሉ ይቀለማል፤ ዕጢ መኖሩን አያሳይም።

ሲዲ 34ን ሲያነቡ መጀመሪያ የደም ሥር ግድግዳን ይመልከቱ፤ እዚያ ካልቀለመ ምርመራው አልሠራም። ከሠራ የሚፈልጉት ከደም ሥሩ ውጪ ያሉ፣ ቅርንጫፋቸውን እንደ ግራር የዘረጉ ሕዋሶችን ነው። አብዛኛው ጋንግሊዮግሊዮማ ላይ ይገኛሉ፣ ከዕጢው ወጣ ብሎ በሚታየው ኮርቴክስ ውስጥም በትንንሽ ደሴት ይታያሉ። ዲኔት ላይ ብዙም አይጠበቁም።

ቪኢ1 በሳይቶፕላዝም ውስጥ እኩል የተሰራጨ ቀለም ሲሰጥ ብቻ አዎንታዊ ነው፤ ኒውክለስ ላይ ብቻ ወይም እዚህም እዚያም ፈዞ ከታየ በፒሲአር ወይም በጂን ንባብ ይረጋገጥ። አይዲኤች 1 ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ጥንቃቄ ያድርጉ፦ አንቲቦዲው የሚያውቀው በጣም የተለመደውን አንድ ለውጥ ብቻ ነው። ኦሊጎደንድሮግሊዮማ የሚመስል የአዋቂ ዕጢ አንቲቦዲው ባዶ ቢሆንም የአይዲኤች 1 እና 2 ጂን ንባብ፣ ከዚያም የ1ፒ/19ኪው (የሁለት ክሮሞዞም ክፍሎች መጥፋት) ምርመራ ይፈልጋል። አይዲኤች የተለወጠበት ዕጢ ሊት አይደለም።

ኪ-67 ሲቆጥሩ ሊምፎሳይቶችንና ማይክሮግሊያን አይቁጠሩ። ጋንግሊዮግሊዮማ «ኪ-67 12 በመቶ» ተብሎ ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተቆጠሩት የደም ሥሩ ዙሪያ ያሉት ናቸው።

ደረጃ 7፦ ጂን፣ ካለ

ቢራፍ ቪ600ኢ በጋንግሊዮግሊዮማ፣ በፕሌንቲም፣ በዛንቶአስትሮሳይቶማም ስለሚገኝ ዕጢ መኖሩን እንጂ የትኛው መሆኑን አይነግርም። የኤፍጂኤፍአር 1 ለውጥ፣ በተለይ የኪናዝ ክፍሉ መደገም፣ ወደ ዲኔት ይመራል። የሜቲሌሽን (በዲኤንኤ ላይ ያሉ ኬሚካላዊ ምልክቶች) ምርመራ ለሊት የሚሰጠው መልስ አንዳንዴ «ጤነኛ ኮርቴክስ» ነው፤ የዕጢው ሕዋስ ከጤነኛው ጋር ተቀላቅሎ ቁጥሩ ስለሚያንስ። ስለዚህ ቲሹ ሲላክ ዕጢው የበዛበትን ቦታ በስላይዱ ላይ አክብበው ያሳዩ።

ምርመራው አገር ውስጥ ከሌለና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ፣ ከተቀለመው ስላይድ ጋር የፓራፊን ብሎኩ ወይም በቻርጅድ ስላይድ ላይ የተዘረጉ ቢያንስ 10 ያልተቀለሙ ቁራጮች አብረው ይሂዱ። ለሕክምና ወደ ውጭ የሚሄድ ታካሚም ከኤምአርአይ ሲዲው ጋር ይህን ይያዝ፤ የተቀለመ ስላይድ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ምርመራ አያገኝበትም።

ደረጃ 8፦ ከዕጢው ጎን ያለው ኮርቴክስ

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የፎካል ኮርቲካል ዲስፕላሲያ (በአንድ ቦታ የተወሰነ የኮርቴክስ አፈጣጠር ችግር) ምደባ፣ ከዕጢ አጠገብ ያለ የንብርብር መዛባትን ዓይነት 3ቢ ይለዋል። ምድቡ ያለ ልክ ተለጥፏል። ኮርቴክሱ የተዛባው የዕጢው ሕዋስ ስለገባበት ከሆነ ዲስፕላሲያ አይደለም። በዚያ ቦታ ሲዲ 34 ከቀለመ ዕጢው ነው፤ ቁራጩ በአግድም ከሆነ ደግሞ ስለ ንብርብር ምንም ማለት አይቻልም። ፊኛ መሰል ትላልቅ ሕዋሶች ካሉ ነገሩ ዓይነት 2ቢ ስለሆነ ለብቻው ይጻፋል።

ደረጃ 9፦ ሪፖርቱ

ሪፖርቱ በንብርብር ይጻፍ፤ ከላይ ሁሉን ያጣመረው ስም፣ ከሥሩ የማይክሮስኮፕ መልክ፣ ደረጃ፣ የጂን ውጤት። ለምሳሌ፦ «ግራ ቴምፖራል ሎብ፦ ጋንግሊዮግሊዮማ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደረጃ 1። ሲዲ 34 ከደም ሥር ውጪ አዎንታዊ፣ ቢራፍ ቪ600ኢ አዎንታዊ፣ አይዲኤች 1 አር132ኤች አሉታዊ፣ ኪ-67 ከ2 በመቶ በታች። ሂፖካምፐስ፦ ጠባሳ አልታየም።»

የጂን ምርመራ ካልተደረገ ስሙ ላይ ኤንኦኤስ ይጨመር፤ ተደርጎ ውጤቱ ከየትኛውም ካልገጠመ ኤንኢሲ። ሁለቱን አያምታቷቸው፤ የመጀመሪያው «አላየንም» ነው፣ ሁለተኛው «አይተን አልገጠመም»። ጋንግሊዮግሊዮማን ከዲኔት መለየት ካልተቻለ «ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮኒውሮናል ዕጢ» ብሎ ማቆም ነውር የለውም፤ ሁለቱም ደረጃ 1 ስለሆኑ የታካሚው ሕክምና በዚህ አይለወጥም። ከኦሊጎደንድሮግሊዮማ መለየት ግን ግዴታ ነው።

ቲሹው ተበጣጥሶ ከመጣ «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ብለው አይጻፉ፤ ያንን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚነሣው ኤምአርአይ ይናገር። የቢራፍ ውጤት ደግሞ ዕጢው ባይመለስም ይጻፍ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ዳብራፌኒብንና ትራሜቲኒብን በጥምረት፣ ቢራፍ ቪ600ኢ ያለበትና ከቀዶ ሕክምና በላይ መድኃኒት ለሚፈልግ የልጆች ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማ፣ ከ1 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ፈቅዷል። ዕጢው ከዓመታት በኋላ ቢመለስ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን አንድ መስመር ነው፤ ቀጥሎም ብሎኩን። ብሎኩ ከሙቀትና ከፀሐይ ርቆ፣ ቁጥሩ ሳይደበዝዝ ይቀመጥ።